ብሎኑን ማን ያጠብቃል?

— ኮንቴይነሩ ጎንደር ገብቷል ጋሼ! በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መተማ ይደርሳል ብለውኛል። አልጋ አለ፣ ዊልቸር አለ፣ ክራንች አለ፣ የገላ መታጠቢያ ወንበር አለ፣ ሁለት የኦክስጅን ማሽን ሳይቀር አለ። ምነው ዝም አሉ? ደስ አላለዎትም?

— ለአንቺ ደስ ብሎኛል። ለሽማግሌዎቹ ግን ፈራሁ።

— ምኑ ነው የሚያስፈራው? ጧሪ ቀባሪ ያጡ ሰዎች ናቸው። የሚበዙት ለአንድ አጨዳ ብለው ከደጋ የወረዱ ሳሉጎች ነበሩ። ሰሊጥ ሲያጭዱ፣ ጥጥ ሲለቅሙ ጉልበታቸው እዚሁ አለቀ። አንዱን ካላዛር፣ ሌላውን ወባ አደቀቀው። በሚያዝያ 2015 የካርቱሙ ጦርነት ሲፈነዳ በገላባት በኩል ተሻግረው ከልጆቻቸው የተለያዩም አሉ። አሁን በየበረንዳው ነው የሚያድሩት። መጦሪያ ቤት ሊገቡ ነው እኮ!

— ቤቱን ማን ጠላ? እኔ የፈራሁት ዕቃውን ነው። አርባ ዓመት የእርሻ ትራክተር ስፈታና ስገጥም ኖሬአለሁ። ትራክተር ሰው የሚበላው ሲሮጥ እንዳይመስልሽ። ሲሮጥማ ሁሉም ይሸሸዋል። የሚበላው ቆሞ ነው፤ ሰው አምኖት ከሥሩ ሲገባና ክሪኩ ሲንሸራተት። ሽማግሌ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አምኖ ይደገፋል። ሌላ ምን ምርጫ አለው?

— ትራክተርና አልጋ አንድ አደረጉት?

— ብሎን ያለው ነገር ሁሉ ለእኔ አንድ ነው። ጎረቤቴን ታስታውሻለሽ? በስኳር ምክንያት አንድ እግራቸው የተቆረጠውን። ከአንድ ቦታ ዊልቸር ሰጧቸው፤ የሰጠውን አልናገርም፤ በደግነት ነው ያደረገው። ሠፈሩ እልል አለ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከወንበሩ ወደ አልጋቸው ሊሻገሩ ብድግ ሲሉ ወንበሩ ከነእሳቸው በአፍጢሙ ተደፋ። ግንባራቸው ከሰል ማንደጃው ጠርዝ ላይ አረፈ።

— ቆይ፣ በደንብ ይንገሩኝ። በደኅናው እግራቸው የረገጡት መሬቱን ነው ወይስ የእግር ማሳረፊያውን?

— ማሳረፊያውን ነዋ! ከፊታቸው ያለው እሱ ነው። ለምን ተሠራ ታዲያ፣ እግር ሊያርፍበት አይደል?

— ሊያርፍበት እንጂ ሊቆምበት አይደለም። ማሳረፊያው ከፊት ጎማዎቹ አልፎ ወደ ውጭ የወጣ ነው። የሰው ክብደት በሙሉ እዚያ ላይ ሲወርድ ወንበሩ እንደ ሚዛን ያዘነብላል። ከመነሳት በፊት ሁለቱን ፍሬን መያዝ፣ ማሳረፊያውን ወደ ላይ ማጠፍ፣ እግርን ወለሉ ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ መነሳት ነው። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ትምህርት ነው ጋሼ።

— ፍሬኑንማ ይዘው ነበር። በኋላ ገልብጬ አየሁት። ጎማው ረግቧል። በእኛ አገር እሾህ ጎማ ሳይረግብ ይቆያል? የዚያ ወንበር ፍሬን ደግሞ አንድ ብረት ጎማው ላይ ተጭኖ ነው የሚይዘው። ጎማው ከሟሸሸ ብረቱ ምኑን ይጫናል? አየር ነው የሚጫነው። ሽማግሌው መያዣውን ስበዋል፣ «ቀጭ» ሲል ሰምተዋል፣ ያዘ ብለው አምነዋል። አየሽው? ፍሬን ከሌለው ወንበር ይልቅ ያለው የሚመስለው ይገድላል። የፊት ጎማውን ኩሽኔታ ደግሞ ተይው፤ አሸዋ ጠጥቶ ሲዞር ይጮሃል።

— እንግዲህ ጥፋቱ የወንበሩ አይደለም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 እንደኛ ላሉ አገሮች የዊልቸር አሰጣጥ መመሪያ ሲያወጣ ስምንት እርምጃ አስቀምጧል። ሰውየውን ከመቀበል ይጀምራል፤ አቅሙንና ቤቱን ማየት፣ የሚስማማውን መምረጥ፣ ገንዘብ ማግኘትና ማዘዝ፣ ወንበሩን ማዘጋጀት፣ በልኩ ማስተካከል፣ ተጠቃሚውን ማሠልጠን፣ በመጨረሻም እየተከታተሉ መጠገን። ወንበሩን ማስረከብ ከእነዚህ ውስጥ አንዷ ቅንጣት ናት።

— ስምንት ነው አልሽ? እኛ ዘንድ የደረሰው ዘጠነኛው ነው። ፎቶው።

— እሺ፣ ሳቁብኝ። እኔስ የማላውቅ መሰለዎት? እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በ16 አገሮች ያሉ 112,040 የሕክምና ዕቃዎችን ቆጥሮ 38.3 በመቶው ሥራ ያቆመ ሆኖ አግኝቶታል። ምክንያቱም የሚያሠለጥን፣ የሚከታተልና የሚጠግን ሰው መታጣቱ፣ የመብራትና የውኃው ነገርም ተጨምሮበት ነው። ይህን አውቄ ነው ወደዚህ የመጣሁት።

— እኔ ሥራ ያቆመውን አልፈራም። ሥራ ያቆመ ዕቃ ጥግ ተቀምጦ ዶሮ ይሠፍርበታል፤ ማንንም አይጎዳም። የምፈራው በግማሽ የሚሠራውን ነው። ለዚህ ነው በየቤታቸው ይጦሩ የምለው። ልጅ የሌለው ጎረቤት አለው፤ ጎረቤት የሌለው የቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ የመስጊድ ጥላ አለው። ሽማግሌ የለመደው አልጋ፣ የለመደው ዱላ ይሻለዋል።

— ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ አሁን የተቀመጡበት ወንበር ስንት ዓመቱ ነው?

— ይኼ? ላስቲኩ? ሦስት ክረምት ይሆነዋል።

— ውጭ ነው የሚያድረው?

— ውጭ ነው። ውስጥማ በዚህ ሙቀት ማን ይቀመጣል?

— እስቲ እጅዎን መደገፊያው ላይ ያሻሹት። ምን ያዘዎት?

— ነጭ ዱቄት።

— እሱ ፕላስቲኩ ራሱ ነው፤ ፀሐይ በልቶት ነው። የመተማ ሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። እንዲህ የሆነ ወንበር አይጎብጥም፣ አያስጠነቅቅም፤ የኋላ እግሩ በድንገት ቀጭ ይልና ሰውየው በጀርባው ነው። እኔ ያየሁትን ልንገርዎት። አንዲት እናት ናቸው፤ ጉልበታቸው ለሽንት ቤት መቀመጥ እምቢ አላቸው። ልጃቸው አስቦ፣ የላስቲክ ወንበር መቀመጫውን በቢላ ክብ አድርጎ ቀደደላቸው። ብልሃቱ ግሩም ነው። ግን መሐሉ የወጣለት ወንበር እግሮቹን ምን ይያዛቸው? በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ አራቱም ወደ አራት አቅጣጫ ተበለቀጡ። የተቀደደው ጠርዝ ደግሞ እንደ ምላጭ ነበር። ይህ ከኮንቴይነር አልወጣም፤ ከገበያ ነው የተገዛው። እርስዎ ዕቃ የሚሉት ከባሕር ማዶ የመጣውን ብቻ ነው። የቤቱን ግን ዕቃ ብለው አይቆጥሩትም፣ ስለዚህ አያዩትም። የቬንትሌተሩ ገመድ ደፉን አቋርጦ ዲቫይደር ላይ ሲሰካ ምን ይሉታል? ማንደጃውስ? ጎማው አልቆ ብረቱ የወጣ ክራንችስ?

— አሁን ከዚህ ወንበር ልነሳ ወይስ ልቀመጥ?

— ቀስ ብለው ይነሱ። ያኛው የእንጨት ነው፣ እሱ ላይ ይቀመጡ።

— እሺ ተነሳሁ። ግን የጠፍር አልጋዬን አትንኪብኝ። ከመሬት አንድ ክንድ ከስንዝር ቢርቅ ነው። ከእሱ የወደቀ ሰው ተንከባለለ ይባላል እንጂ ወደቀ አይባልም። የእናንተን የሆስፒታል አልጋ ግን አይቼዋለሁ፤ ሽማግሌ ሲቀመጥበት እግሩ አየር ላይ ይንጠለጠላል።

— በዚህ አልከራከርዎትም። እንዲያውም በውጭ አገር ያሉ መጦሪያዎች ዛሬ የሚፈልጉት እስከ ወለል ድረስ የሚወርድ አልጋ ነው። ሰው እንዳይወድቅ ማድረግ ቢያቅታቸው አወዳደቁ አጭር እንዲሆን ነው። ጠፍር ሠሪው ይህን ዱሮ ያውቀዋል። የጠፍር ችግሩ ሌላ ነው፤ ሲረግብ መሐሉ ይጎደጉድና ሰውየው ጉድጓድ ውስጥ እንደ ገባ ይሆናል። ልነሳ ሲል ጠርዙ ጭኑን ይይዘዋል። በየጊዜው መወጠር ይፈልጋል።

— ይወጠራል። የሚወጥረው ልጅ ካለ።

— አዩ? እርስዎም የሚወጥር ሰው ፈለጉ።

— አትቸኩይ። የኦክስጅኑን ነገር አልጨረስንም። ብየዳ ቤት ሠርቼ አውቃለሁ። የኦክስጅን ሲሊንደር አፍ ላይ ግሪስ የነካ እጅ አይቀርብም። ዘይትና የታመቀ ኦክስጅን ሲገናኙ ክብሪት እንኳ አያስፈልጋቸውም። ሲሊንደሩ ደግሞ ካልታሰረ ይወድቃል፤ ወድቆ አንገቱ ከተሰበረ ግድግዳ የሚበሳ ጥይት ነው። እኔ ይህን የማውቀው አለቃዬ በጥፊ እያለ ስላስተማረኝ ነው። የአንቺን ሠራተኞች ማን በጥፊ ይላቸዋል?

— የሚመጣው ማሽን እንኳ ከአየር ላይ አጣርቶ የሚሰጥ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ።

— መብራት ሲሄድስ?

— ለዚያ አንድ ሲሊንደር እንይዛለን።

— መጣንልሽ! ከአልጋው አጠገብ ማን አለ? የማርያም ዕለት ጧፍ የሚያበሩ እማሆይ አሉ። ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል፤ ከሰል አለ፣ ዕጣን አለ። አፍንጫቸው ላይ ቱቦ ሰክተሽ፣ ነጠላቸው ኦክስጅን ጠጥቶ፣ ጧፍ ሊያበሩ ጎንበስ ሲሉ ይታይሽ። ጧፉን ትከለክያለሽ ወይስ ትንፋሹን?

— ይህን አላሰብኩትም ነበር። እውነቴን ነው። የማሽኑ ክፍል ውስጥ ቡና እንደማይፈላ አስቤአለሁ፣ የቡናው ዳስ ግቢ ውስጥ ይሆናል። ጧፉን ግን አላሰብኩም። ከውጭ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ሲጋራ አታጭሱ ነው የሚለው፤ ስለ ጧፍ አይጽፍም። የመተማ ፀሐይ ላይ ስለዋለ የዊልቸር ብረትም አይጽፍም። በስኳር እግሩ የደነዘዘ ሰው ያንን ብረት ተደግፎ ቆዳው ሲቃጠል አይሰማውም። እነዚህን እኛው ነን የምንጽፋቸው።

— ጻፊው። አንቺ ታነቢዋለሽ። ሌሊት ተረኛዋስ?

— ወደ ሌሊት ተረኛዋ እንመጣለን። መቄዶንያን ያውቁታል አይደል?

— ማን የማያውቀው አለ? አቶ ቢኒያም በለጠ ከየጎዳናው እያነሳ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን አስጠግቷል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን ልጆች ሳይቀሩ በቃላቸው ይዘውታል።

— እኔም አዲስ አበባ ሄጄ አይቼ ነው ይህ ነገር ልቤ ውስጥ የገባው። ያንን ቃል እወደዋለሁ። ለመርዳት ሰው መሆን ይበቃል። አልጋ ለመግጠም ግን አይበቃም። አልጋ መፍቻ ይፈልጋል፣ ሜትር ይፈልጋል። ደግነትና ሙያ አብረው ካልሄዱ ደግነቱ ሰው ይጥላል፤ ጎረቤትዎን እንደጣላቸው።

— አሁን ወደ ልቤ መጣሽ። ስለ አልጋው እንነጋገር። በጎንና በጎኑ ያለው ብረት ለምንድን ነው?

— እንዳይወድቁ።

— ታስሪያቸዋለሽ በይኝ።

— ማሰር አይደለም...

— ሌሊት ሽንቱ የመጣ ሽማግሌ ግራው ብረት፣ ቀኙ ብረት ሲሆንበት ምን ያደርጋል? ይጮሃል። የሚሰማው ካጣ ደግሞ በብረቱ ላይ ይወጣል። ያለ ብረት ቢሆን ከአልጋው ቁመት ነበር የሚወድቀው፤ አሁን ከአልጋውም ከብረቱም ቁመት ይወድቃል። ስሌት ነው።

— ልክ ነዎት። ከዚያም የከፋ አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ ሰዎች በአልጋ የጎን ብረት ውስጥ የተያዙባቸው 901 አጋጣሚዎች ደርሰውታል። ከእነዚህ 531 ሰዎች ሞተዋል።

— በአሜሪካ? ነርሱ፣ ካሜራው፣ ደወሉ ሁሉ ባለበት?

— በአሜሪካ። የሚይዘው እንዲህ ነው። አቅሙ የደከመ፣ አእምሮውም ትንሽ የጠፋበት ሰው ወደ ጠርዝ ይንሸራተታል። በፍራሹና በብረቱ መካከል ክፍተት ካለ መጀመሪያ ትከሻው ይገባል፣ ከዚያ አንገቱ። ወደ ኋላ ለመመለስ ጉልበት የለውም። ድምፅም አያወጣም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ጭንቅላት ሊያልፍባቸው ለሚችሉ ክፍተቶች ልክ አስቀመጠ፤ ከ12 ሴንቲ ሜትር በታች ይሁን አለ።

— ክፍተቱ ከየት ይመጣል? አልጋውን የሠራው ሰው ፍራሹን በልኩ አልሠራውም?

— ሠርቶታል። ግን ፍራሹ ያረጃል፣ ይቀየራል። የተቀየረው በስፋት ሲያንስ ወይም ስፖንጁ ለስላሳ ሆኖ ጠርዙ ሲሰምጥ ክፍተት ይወለዳል። አልጋው ያው ነው፣ ብረቱም ያው ነው፤ የማይመሳሰሉት ሁለቱ አብረው ሲኖሩ ነው።

— እንደ ፒስተንና ሲሊንደር በይው። የአንዱን ትራክተር ፒስተን ለሌላው አታገቢም። ገብቶልኛል። ታዲያ እንዲህ ካወቅሽ ብረቱን ለምን ታመጫለሽ?

— ምክንያቱም አንዳንዱ ሰው ይፈልገዋል። ስትሮክ የመታው ሰው ያንን ብረት ይዞ ራሱን ይገለብጣል። ካልተገላበጠ የአልጋ ቁስል ነው። ለአንዱ መያዣ፣ ለሌላው ወጥመድ የሆነ አንድ ዓይነት ብረት ነው። የሚለየው ሰውየውን አይቶ፣ ለዚህ ይነሳ፣ ለዚህ ይውረድ የሚል ሰው ነው።

— ይኸውልሽ ጭንቀቴ። የአንቺ ቤት አምሳ ጊዜ ሰው ይፈልጋል። ኮንቴይነሩ ግን ሰው አልያዘም። ዕቃ የሚገባው ሰውን ለማገዝ ነው ትያለሽ፤ እኔ በዕድሜዬ ያየሁት ዕቃ የገባበት ቦታ ሁሉ ሰው ሲቀነስ ነው። ሰሊጡን ነው እስካሁን ማሽን በደንብ አላጭድ ያለው፤ ለዚህ ነው ሳሉግ ያልጠፋው። ብረቱ አለ ብለሽ ሌሊት አንዷን ሠራተኛ ታስቀሪያለሽ። ዊልቸሩ አለ ብለሽ በክንድ ደግፎ የሚያራምደው ይቀራል። በስድስት ወሩ፣ በዱላ ይራመድ የነበረው ሰውዬ ወንበር ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አልወደቀም፤ እውነት ነው። እግሩ ግን ሞቷል። እኔ ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ከምታስገቢያቸው አንዱ ነኝ። ወደ ሽንት ቤት በእግሬ ስሄድ ብወድቅ እመርጣለሁ።

— እንደዚያ ማለት ቀላል ነው ጋሼ፣ ቆመው ስለሆነ። የወደቁትን እኔ ነኝ የማያቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ወደ 684,000 ሰዎች በመውደቅ ይሞታሉ፤ ከ80 በመቶ የሚበልጡት እንደኛ ባሉ አገሮች ነው። በቁጥር አያምኑ ይሆናል፤ እዚሁ መተማ ላይ ይምጡ። የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ እንበል። መጀመሪያ ወጌሻ ይጠራል። ወጌሻው ክንድ ያቃናል፣ ዳሌ ግን አይሆንለትም። ከዚያ ጎንደር። ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ክፍት የሆነ ቀን። ኦፕራሲዮን ካልሆነ ሦስት ወር በጀርባ መተኛት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ታፋቸው ይቆስላል፣ በሙቀቱ ላቡ ያባብሰዋል። ከዚያ ሳንባ። በእግሬ ስሄድ ያሉት ክብር በስንተኛው ቀን ያልቃል?

— ...

— ተቆጡ?

— አልተቆጣሁም። እናቴን አስታወስሽኝ።

— ይቅርታ ጋሼ። አላወቅሁም።

— ማንም አያውቅም። ከዚያው ከጠፍር አልጋ ነው የወደቀችው። ያ ተንከባለለ ይባላል ያልኩሽ አልጋ። የወባ አጎበር ታድሎ ነበር፤ እኔው ሰቅዬ፣ ጫፉን ከፍራሹ ሥር ወትፌ አስተኛኋት። ጥሩ አድርጌ ነው የወተፍኩት፣ ትንኝ እንዳይገባ። ሌሊት ልትነሳ ስትል እግሯ መረቡ ውስጥ ተጠላለፈ። እንዳልሽው ዳሌዋ ነው። ከገና እስከ ሁዳዴ ተኛች። በለቅሶው ላይ እግዜር ጠራት አልን፣ ዕድሜዋም ነበር አልን። አጎበሩ አንድም ቀን ስሙ አልተነሳም።

— አጎበሩን ባይሰቅሉት ደግሞ ወባ ነበር።

— እሱን ነው የምልሽ። ጥፋት አላገኘሁበትም። ዛሬም አላገኘሁበትም። የእግሯ በኩል ብቻ ሳይወተፍ ቢቀር ኖሮ... ተይው።

— አልተወውም ጋሼ፣ እጽፈዋለሁ። ማታ አጎበር ሲወርድ ሽማግሌው የሚነሳበት ጎን በየትኛው ነው ብሎ መጠየቅ። ያንን የሚያውቀው የወደቀበት ሰው ነው። ከዚህ በኋላ የሚነግሩኝን ሁሉ ልጽፍ ነው።

— ለማን ትጽፊዋለሽ? ሕጉ የት አለ? የሚቆጣጠር አለ?

— ሕግማ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን መንከባከብ የመንግሥት ግዴታ ነው ይላል። የሕንፃ አዋጁ የአካል ጉዳተኛ የሚያልፍበት መንገድ ይኑር ይላል። የሕክምና ዕቃ ጥራት ደግሞ በአዋጅ 1112/2011 ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተሰጥቷል።

— የባለሥልጣኑ ሰው ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ገንዳ ውኃን አልፎ፣ የጎረቤቴን ጎማ ነፋስ ሊለካ ይመጣል?

— አይመጣም። ሕግ ብሎን አያጠብቅም። ለዚህ ነው ወደ እርስዎ የመጣሁት። ትራክተሩ ላይ እንዴት ነበር የሚያደርጉት?

— ደብተር ነበረን። በየ250 ሰዓቱ ዘይት ይቀየራል፤ የቀየረው ይፈርማል። ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ሹፌሩ ይዞረዋል፤ ጎማ፣ ውኃ፣ ዘይት፣ የላላ ዳዶ። በዓይን ብቻ አይደለም፣ በእጅ። የላላ ዳዶ በዓይን አይታይም።

— እሱን ነው የምፈልገው። ለእያንዳንዱ አልጋ፣ ለእያንዳንዱ ወንበር አንድ ገጽ። የክራንቹ ጫማ አልቋል? የዱላው ቁመት ልኩ ነው? ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ሲያወርድ የዱላው ራስ አንጓው ላይ መድረስ አለበት። ካጠረ ያጎብጠዋል፣ ከረዘመ ትከሻውን ይሰቅለዋል። ዱላውንም የሚይዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ እጅ ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን በታመመው በኩል ነው የሚይዘው።

— ይህንንማ ደብተራ ያውቀዋል። መቋሚያ በባለቤቱ ቁመት ካልሆነ ማኅሌቱን አያስቆምም። ሽመሉም እዚሁ በቆላው ሞልቷል፤ ጫፉ ላይ የጎማ ቁራጭ ነው የሚጎድለው። እሱን ከአሮጌ ጎማ እቆርጥልሻለሁ።

— ገቡበት ማለት ነው?

— ጎማ እቆርጣለሁ አልኩ እንጂ ገባሁ አላልኩም። ዋልካው ላይ፣ ክረምት ሲገባ፣ የአንቺ ዊልቸር አንድ እርምጃ አይሄድም፤ ጭቃው እንደ ጫማ ይለብሰዋል። ያንን ምን ታደርጊዋለሽ?

— ከመኝታ እስከ ሽንት ቤት፣ እስከ ዳሱ ያለውን ሲሚንቶ እናደርገዋለን። ከግቢ ውጭ ያለውን አልችለውም።

— እሺ፣ ይህ ሐቀኛ መልስ ነው። የዕቃው ዝርዝር አለሽ?

— ስልኬ ላይ አለ። ይኸው።

— አንብቢልኝ፣ መነጽሬን አልያዝኩም። አልጋ ስንት ነው?

— አሥራ አራት።

— ፍራሽ?

— ስምንት።

— ስድስቱስ?

— ከዚህ ከገበያ የስፖንጅ እንገዛለን ብለን ነበር።

— «ብለን ነበር።» ከሩብ ሰዓት በፊት ስለ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም?

— አልጋዎቹ ሳይደርሱ ስፋታቸውን አላውቀውም ጋሼ። ሲደርሱ ለክተን በልኩ እናሠራለን።

— እስኪሠራ ስድስቱ አልጋ ባዶ ይሁን። ወይም ብረቱ ይውለቅ።

— ፎቶው ላይ እንደሚታየው ብረቱ የተበየደ ነው። አይወልቅም።

— ሴጌቶ አለኝ።

— የተቆረጠው ጫፍ ሹል ሆኖ ይቀራላ! የሽማግሌ ቆዳ እንደ ሲጋራ ወረቀት ነው።

— ሞረድም አለኝ። ይኼ ሁሉ የብረት ነገር ነው፣ ብረት አያስፈራኝም። ሌሊት ስንት ሰው ነው የሚያድረው?

— ሁለት ቀጥረናል።

— ለአሥራ አራቱ?

— ለአሥራ አራቱ።

— ሁለቱ አብረው ነው የሚያድሩት ወይስ በተራ?

— በተራ።